ድንበር የለያቸው ቤተሰቦችና የቤተሰብ ሕጉ ከለላ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ መውጫ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በመለዋወጫና በምግብ ማምረቻ ፋብሪካዎቹ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የሚታወቅ፣ የቀድሞው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍበት የሠራተኞች ሠፈር ነው። በዚሁ ሠፈር የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች ከፋብሪካው ደመወዝ ጎን ለጎን ከመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች በሚላክ ገንዘብ መተዳደር ከጀመሩም ውለው አድረዋል። ገንዘቡን የሚልኩት በአብዛኛው በቤት ሠራተኛነት የተሰማሩ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም መካከል ትዳር የያዙና ልጅ የወለዱ ይገኙበታል።

እናት በሪያድ፣ በጅዳ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት፣ አባት በአቃቂ፣ ልጆች ደግሞ በአያት ወይም በአክስት እጅ የሚገኙበት ቤተሰብ በሁለት አገሮች የተከፈለ ቤተሰብ ነው። ውሉ አልቆ እናት ስትመለስ፣ ወይም ገና በሥራ ላይ እያለች፣ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። በላከችው ገንዘብ የተገዛው ቤት የማን ነው? ልጆቹን የማሳደግ መብት ለማን ነው? ለዓመታት ተለያይተው የቆዩት ባልና ሚስት ትዳራቸው ጸንቷል ወይስ ፈርሷል?

የአገሪቱ ሕጎች ለእነዚህ ጥያቄዎች ምላሽ አላቸው። ድንጋጌዎቹ ሲመረመሩ ሕጉ ለተጋቢዎችና ለልጆች የሰጠው ከለላ ከአገር በመውጣት ብቻ የሚቋረጥ አለመሆኑን መገንዘብ ይቻላል። በአብዛኛው የሚጎድለው መብቱን የሚያስረዳው ሰነድ ነው። ሰነዱ ደግሞ በቀላሉ ሊዘጋጅ የሚችለው ተጓዧ አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት ነው።

የጉዳዩን ስፋት ለመረዳት በ2006 ዓ.ም የተከሰተውን ማስታወስ ይበቃል። ከኅዳር ወር 2006 ዓ.ም ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ከሳውዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት በውጭ አገር የሥራ ስምሪት ላይ የተጣለው እገዳ በ2010 ዓ.ም የተነሣ ሲሆን፣ ስምሪቱ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በ2013 ዓ.ም በወጣው ማሻሻያው እንዲመራ ተደርጓል። እነዚህ ሕጎች በዋነኛነት የሚመለከቱት አሠሪን፣ ኤጀንሲንና ሠራተኛን ነው። በባልና ሚስት፣ በወላጅና ልጅ መካከል ያለው ግንኙነት የሚገዛው ግን በቤተሰብ ሕግ ነው።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ያስቀመጠ፣ የጋራ መኖሪያውን የመምረጥ ሥልጣንንም ለባል የሰጠ እንደነበር ይታወቃል። ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህንን ሽሮ ተጋቢዎች በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሕጉ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በመሆኑም ከአማራ ወይም ከኦሮሚያ ክልል መጥተው በአቃቂ የሰፈሩ ቤተሰቦች የትኛው ሕግ እንደሚመለከታቸው አስቀድመው ማጣራት ይጠበቅባቸዋል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የትዳሩ ህልውና ነው። ሕጉ ባልና ሚስት አብረው መኖር እንዳለባቸው ቢደነግግም፣ በአንቀጽ 55 ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ተለያይተው ለመኖር መስማማት እንደሚችሉ ፈቅዷል። ሚስት ለሥራ ወደ ውጭ መሄዷ በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ የሚታይ ነው። ጋብቻ የሚፈርሰው በሞት፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የመጥፋት ውሳኔ፣ የጋብቻ ሁኔታዎች ተጥሰው ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ሲወስን ወይም በፍቺ ነው። የርቀቱ ወይም የዓመታቱ ብዛት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ይህ ማለት ግን መለያየት ምንም ዓይነት የሕግ ውጤት የለውም ማለት አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 በሰጠው ውሳኔ፣ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት የመሠረቱ ተጋቢዎች ትዳራቸው በተግባር እንደፈረሰ ሊቆጠር እንደሚችል ተርጉሞ ነበር። ትርጉሙ በሕጉ ከተዘረዘሩት የፍቺ መንገዶች ውጪ ነው በሚል በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ ለዓመታት በውጭ ለምትኖር ሚስት የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። የሄደችው ትዳሯን ትታ ሳይሆን ቤተሰቧን ለመደገፍ መሆኑን የሚያሳይ በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት ቢኖር፣ መለያየቱ ትዳርን እንደ መተው እንዳይቆጠር ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል።

ባል በበኩሉ ሚስቱ በውጭ እያለች ሌላ ጋብቻ መፈጸም አይችልም። በጋብቻ ላይ ጋብቻ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 11 የተከለከለ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 650 መሠረትም ያስቀጣል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጋብቻ በባሕል ወይም በሃይማኖት ሥርዓት ተፈጽሞ ሳይመዘገብ ከቀረ፣ ባል ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ለማውጣት ቀዳዳ ያገኛል። በዚህ ማረጋገጫ ሌላ ጋብቻ ሊያስመዘግብ፣ ቤትም ሊሸጥበት ይችላል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀናት፣ ልደት ደግሞ በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገቡ ያስገድዳል። በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተጋቡ ብዙዎች የምስክር ወረቀት የላቸውም። ሕጉ ለእነዚህ ሰዎች በሩን አልዘጋም። የጋብቻ ምስክር ወረቀት በሌለበት ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት የሚቆጥሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንዲሁ የሚያውቃቸው መሆኑ ለማስረጃነት ይቀርባል። የሠርጉ ታዳሚዎች፣ የዕድር አባላትና ጎረቤቶች ለዚህ ምስክር መሆን ይችላሉ። ሆኖም ምስክር ማሰባሰብ ጅዳ ለተቀመጠች ሚስት እጅግ አስቸጋሪ ሲሆን፣ ከመሄዷ በፊት በወረዳው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መመዝገብ ግን ቀላል ነው።

ሁለተኛውና ብዙውን ጊዜ መራር ክርክር የሚያስነሣው የንብረት ጉዳይ ነው። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 62 መሠረት ተጋቢዎች በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ነው። ገቢው በአቃቂ ፋብሪካ ይገኝ ወይም በሪያድ በሰው ቤት፣ በብር ይከፈል ወይም በሪያል፣ ሕጉ ልዩነት አያደርግም። አንቀጽ 63 ደግሞ ንብረቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ግምት ይወስዳል። ስለዚህ ሚስት በላከችው ገንዘብ በባል ስም የተገዛ የቱሉ ዲምቱ ወይም የገላን ጋራ መኖሪያ ቤት በባል ስም ስለተመዘገበ ብቻ የእርሱ የግል ንብረት አይሆንም። በተመሳሳይ ሁኔታ ሚስት በባንክ ሒሳቧ ያጠራቀመችው ደመወዝም የእርሷ ብቻ አይደለም። ሕጉ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሠራል።

የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ፣ ለማስያዝም ሆነ ለማከራየት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። አንደኛው ይህን ተላልፎ ውል ከፈጸመ፣ ሌላኛው ፍርድ ቤቱ ውሉን እንዲያፈርስለት መጠየቅ ይችላል። የጊዜ ገደቡ ግን ልብ ሊባል ይገባል። በአንቀጽ 69 መሠረት አቤቱታው መቅረብ ያለበት የውሉን መኖር ካወቀችበት ወይም ካወቀበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። በርካታ የሥራ ውሎች ለሁለት ዓመት የሚፈረሙ በመሆናቸው፣ በሄደች ማግስት ቤቷ የተሸጠባት ሠራተኛ ውሏን ጨርሳ ስትመለስ ጊዜው አልፎባት ልታገኘው ትችላለች። ሕጉ የሰጠው መብት በርቀት ምክንያት ብቻ ሊባክን የሚችልበት አንዱና ዋነኛው አጋጣሚ ይህ ነው።

አንዳንዶች ይህን ሥጋት በመሸሽ ገንዘቡን ለወንድም ወይም ለእናት በመላክ ቤቱ በእነርሱ ስም እንዲገዛ ያደርጋሉ። ይህ መንገድ ከመጀመሪያው የባሰ አደጋ አለው። የቤተሰብ ሕጉ ግምት የሚሠራው በባልና በሚስት መካከል እንጂ በእህትና በወንድም መካከል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1195 ከአስተዳደር ክፍል የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ግምት ስለሚወስድ፣ ገንዘቡ የእርሷ መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም በላኪዋ ላይ ይወድቃል። በባንክ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ አለው። በሰው እጅ ወይም በሐዋላ የተላከ ገንዘብ ግን ማስረጃ ሊገኝለት የሚችለው በስንት ድካም ነው።

ከንብረት ጋር ተያይዞ የሚነሣው የውክልና ጉዳይ ነው። የጉዞው ጥድፊያ ባለበት ሰዓት ብዙዎች "በሁሉም ነገር ወክዬዋለሁ" የሚል ሰነድ ፈርመው ይሄዳሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ወኪሉን ከአስተዳደር ሥራ የዘለለ ሥልጣን አይሰጠውም። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ለመታረቅና በፍርድ ቤት ለመክሰስ ወይም መልስ ለመስጠት በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች አሉ። ሁሉንም ሥልጣን በዝርዝር ጽፋ የሰጠች ሚስት ቤቷ በወኪሏ ፊርማ በሕጋዊ መንገድ ሊሸጥ ይችላል። የመክሰስና የመከላከል ሥልጣን ሳትሰጥ የሄደች ደግሞ ክስ ሲቀርብባት የሚቆምላት ሰው አይኖርም። የሚበጀው የመሸጥና የማስያዝ ሥልጣንን አስቀርቶ፣ በፍርድ ቤት የመከራከር ሥልጣንን ለታመነ ሰው ለይቶ መስጠት ነው። ወካይ ውክልናዋን በማናቸውም ጊዜ መሻር የምትችል ሲሆን፣ በውጭ ሆና አዲስ ውክልና ለመስጠት ወይም ለመሻር በአቅራቢያዋ ወደሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መቅረብ ትችላለች።

ሦስተኛው ጉዳይ የልጆች ነው። ትዳሩ ጸንቶ ባለበት ጊዜ አባትና እናት በጋራ የልጆቻቸው አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው። እናት በውጭ አገር መሥራቷ ይህን መብት አይነጥቃትም፤ አባትንም ብቸኛ ወሳኝ አያደርገውም። ፍቺ ሲከሰት ፍርድ ቤቱ የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም መዝኖ ይወስናል። በዚህ ሚዛን ላይ በአገር ውስጥ ያለው ወላጅ ከልጆቹ ጋር አብሮ በመኖሩ የተሻለ ቦታ ቢኖረውም፣ ገንዘብ ስትልክ የቆየችው እናት ግዴታዋን ስትወጣ እንደነበር ማስረዳት ከቻለች ችላ የሚባል ነገር አይደለም።

ልጆቹን በተግባር ያሳደገችው አያት ወይም አክስት ስትሆንስ? የሰበር ሰሚ ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 23632 በጥቅምት ወር 2000 ዓ.ም የሰጠው ውሳኔ ለዚህ ተጠቃሽ ነው። በጉዳዩ እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ስታሳድግ የነበረችው አክስት ከአባት ጋር የተከራከረች ሲሆን፣ ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በመጥቀስ ከወላጅ የአሳዳሪነት መብት ይልቅ የሕፃኑ ጥቅም እንደሚቀድም ወስኗል። ይህም ለአያቶችና ለአክስቶች ተስፋ፣ ለወላጆች ደግሞ ማሳሰቢያ ነው። ልጅ በየወሩ በሚላክለት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከወላጁ ጋር ባለው የማያቋርጥ ግንኙነት ያድጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ይኸው ስምምነት በአንቀጽ 10 ወላጆቹ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋር በቀጥታ የመገናኘት መብት እንዳለው ይገልጻል።

በውጭ አገር የሚወለዱ ልጆች ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በበርካታ የዓረብ አገሮች ዜግነት በዋነኛነት በአባት በኩል የሚተላለፍ በመሆኑና ከጋብቻ ውጪ መውለድ ችግር ስለሚያስከትል፣ የልደት ማስረጃ ሳያገኙ የሚቀሩ ሕፃናት አሉ። በኢትዮጵያ በኩል ግን ሕጉ አያሻማም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 3 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። በቤተሰብ ሕጉም የእናትነት ግንኙነት የሚረጋገጠው እናት በመውለዷ ብቻ ሲሆን፣ የአባት አለመታወቅ ልጁን እናት አልባ ወይም አገር አልባ አያደርገውም። ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው በሕገ መንግሥቱ ተደንግጓል። ይህን መብት ወደ ተግባር ለመለወጥ ልጁን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በወቅቱ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ሲደርስ ርቀቱ ራሱ ተከራካሪ ይሆናል። አድራሻዋ ለማይታወቅ ተከሳሽ ፍርድ ቤት መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። በአዲስ ዘመን ላይ የወጣ መጥሪያ በቤይሩት ሰው ቤት ለምትሠራ ሴት እንደማይደርሳት ለመገመት አያዳግትም። ሳትቀርብ ስትቀር ጉዳዩ በሌለችበት ታይቶ ይወሰናል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ካወቀ በአንድ ወር ውስጥ፣ በበቂ ምክንያት ያልቀረበ መሆኑን አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሣለት የማመልከት መብት ይሰጣል። አንድ ወር ከውጭ አገር ሆኖ ለመንቀሳቀስ አጭር ጊዜ በመሆኑ፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰው በፍርድ ቤት የመከራከር ውክልና ጠቀሜታው እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ከዚህ የከፋው ድምፅ መጥፋት ነው። ስልኳን የተቀማችና ከቤት እንዳትወጣ የተከለከለች ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ ከቤተሰቧ ጋር ላትገናኝ ትችላለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ለሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ውሳኔው ሲጸና ትዳሩ ይፈርሳል። ቤተሰብ ወደዚህ ከመሄዱ በፊት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሚመለከተው ቆንስላ በኩል ማፈላለጉ የሕግ ብቻ ሳይሆን የኅሊና ግዴታም ነው።

በውጭ አገር ፍርድ ቤት የተሰጠ የፍቺ ወይም የቀለብ ፍርድም በአገር ውስጥ በቀጥታ አይፈጸምም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 458 ከሌሎች ነገሮች መካከል ፍርዱን የሰጠው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑን፣ ተከራካሪው የመከላከል ዕድል ማግኘቱንና ፍርዱ የሕዝብን ሞራል የማይቃረን መሆኑን በቅድመ ሁኔታነት ያስቀምጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ በተለያዩ አገሮች ሕጎች መካከል የሚነሣን ግጭት የሚመለከተው የረቂቁ ክፍል ሳይካተት መቅረቱ፣ ዳኞች በእንዲህ ዓይነት ጉዳዮች ላይ በቂ መመሪያ እንዳይኖራቸው አድርጓል። ብዙ ዜጎቿን ለሥራ ወደ ውጭ የምትልከው ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ በ2022 ድንበር ተሻጋሪ የልጅ ቀለብን የሚመለከተውን የሄግ ስምምነት ተቀላቅላለች። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በአብዛኛው የስምምነቱ አባል ባለመሆናቸው ለኢትዮጵያ ፈጥኖ የሚጠቅማት ከእነዚህ አገሮች ጋር በምታደርጋቸው የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነቶች ውስጥ የልደት ምዝገባን፣ የመጥሪያ አደራረስንና የቀለብ አፈጻጸምን ማካተት ይሆናል።

በጥቅሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለስደተኛዋ እናትም ሆነ በአገር ለቀረው ቤተሰብ ያስቀመጠው ጥበቃ ሰፊ ነው። የሚቀረው ተጠቃሚው በእጁ እንዲያስገባው ማድረግ ነው። ለዚህም ተጓዧ ከመሄዷ በፊት ጋብቻዋን ማስመዝገብ፣ የልጆቿን የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት፣ ከባሏ ጋር ስለ መለያየቱ ጊዜ፣ ስለሚላከው ገንዘብና ስለ ልጆቹ አያያዝ በጽሑፍ መስማማት፣ ውክልናዋን ለይታ መስጠትና ገንዘቧን በባንክ መላክ ይኖርባታል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትም የቤተሰብ ሰነዶችን ጉዳይ በቅድመ ጉዞ ትምህርቱ ውስጥ ጎልቶ እንዲወጣ ቢያደርጉ፣ የወረዳ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቶችም ያላገባ ማረጋገጫ ከመስጠታቸው በፊት በቂ ማጣራት ቢያደርጉ፣ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚፈሰውን እንባ ከወዲሁ መቀነስ ይቻላል። በሰው አገር የተደከመበት ገንዘብ ቤት ከመሥራት አልፎ ቤተሰብን አጽንቶ የሚያቆየው ሰነዱ ከጉዞው ሲቀድም ነው።